አቦ አታካብድ፦ ድሬ ላይ ሆኖ የቡድሃን መንገድ የመለማመድ አካሄድ

ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ምሳ ተበልቷል። ኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠለው ቬንትሌተር ይዞራል። ድንገት ድምፁ ይቀንሳል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። መብራት ጠፋ። ከዚያ ከየቤቱ አንድ ድምፅ ይወጣል፦ «ኡፍፍፍ!»

እስቲ ያቺን ሰዓት መለስ ብላችሁ አስቡ። ቬንትሌተሩ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ሙቀቱ ገና አልጨመረም። እኛ ግን ተቃጥለናል። «አሁንማ እስከ ማታ አይመጣም»፣ «ትናንትም እንዲሁ ነበር»፣ «ሥጋው ሊበላሽ ነው»። ላቡ ሳይወጣ ንዴቱ ቀድሞ ወጣ።

ቡድሃ ይህን በሁለት ቀስት መስሎ ተናግሮታል። ሰው በቀስት ሲወጋ ያመዋል። ይህ አንድ ነው። ከዚያ ግን በሕመሙ ላይ ቁጭት፣ እርግማንና «ለምን እኔን» ሲጨምርበት ሁለተኛ ቀስት እንደተወጋ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ማስቀረት አይቻልም። ሁለተኛው ግን በእኛ እጅ ነው።

ለዚህ ለሁለተኛው ቀስት እኛ ስም አለን። ማካበድ ይባላል። «አቦ አታካብድ!» እየተባለ ያላደገ የድሬ ልጅ የለም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እኛ አታካብድ የምንለው ነገሩን ትተህ ወደ ጨዋታው ተመለስ ለማለት ነው። ቡድሃ ግን ቁጭ በልና እንዴት እንደምታካብድ እይ ነው የሚለው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ማያ መንገድ ነው።

«ጣዖት ልታመጣብኝ ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ እናቴ ናት። እናንተም ከቤት መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ መልሱን ቀድማችሁ ያዙ።

ቡድሂዝም ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው። መነኮሳት አሉት፣ ገዳማት አሉት፣ ስለ ካርማና ዳግም ስለ መወለድ ያስተምራል። ፈጣሪ አምላክን ማምለክ ግን የትምህርቱ ማዕከል አይደለም። ጀማሪው ሲድሃርታ ጋውታማ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር፣ ሉምቢኒ ተወለደ። በትውፊቱ መሠረት በ29 ዓመቱ ምቾቱን ትቶ ወጣ። በ35 ዓመቱ ሕንድ ውስጥ ቦድ ጋያ ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነቃ»። ቡድሃ ማለት የነቃ ማለት ነው። ከዚያ እስከ 80 ዓመቱ እየዞረ አስተማረ።

እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ልምምዱ ነው። ለዚህ ሐውልት አያስፈልግም፣ ስግደት የለውም። ሱብሒ የሚሰግድ ሰግዶ፣ ዳዊት የሚደግም ደግሞ ሊቀመጥ ይችላል። እናቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነዋ! እሱንማ ድሮም ታውቅበታለህ» አለችኝ።

ሦስት ቃላት ብቻ ያዙልኝ። አንደኛው ዱካ ነው። በእኛ ዱካ የእግር ፋና ነው፤ በፓሊ፣ የቡድሃ ትምህርት በተጻፈበት ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ፣ ግን ስቃይ፣ አለመርካት፣ ነገሩ ሁሉ አልገጥም ማለት ነው። ሁለተኛው ታንሃ ነው፤ የስቃዩ ምክንያት። ቀጥተኛ ትርጉሙ ጥማት ነው፤ እኛ ሀራራ ብንለው ይቀርባል። ሦስተኛው ኒርቫና ነው፤ እሳት ሲጠፋ እንደሚባለው መጥፋት፣ መብረድ ማለት ነው። መብረድ የሚለውን ቃል ዋጋ ለድሬ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

መጀመሪያ መቀመጫውን አስተካክሉ

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ድሬ ሌላ ከተማ ናት። ሙቀቱን ፈርተው ግቢ ውስጥ ሽቦ አልጋ ላይ ያደሩት ገና አልተነሡም። ባጃጁ አልተነሣም። አየሩ ከቀኑ ሁሉ የተሻለ ነው። ይህችን ሰዓት ያዙ።

ሰሌን አንጥፉ። በላዩ ለበርጫ የምትደገፉትን መከዳ አጋድማችሁ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። (መከዳው ለአንድ ጊዜ እንኳ ለሌላ ሥራ ይዋል።) ዋናው ነገር ዳሌ ከጉልበት ከፍ ማለቱ ነው። ዳሌ ዝቅ ካለ ጀርባ ይጎብጣል፣ ጀርባ ከጎበጠ እንቅልፍ ይመጣል። እግር ማጠላለፍ ያቃተው ፕላስቲክ ወንበር ያምጣ። ሁለቱንም እግር መሬት ያስረግጥ፣ ጀርባውን ከመደገፊያው ትንሽ ያርቅ። ወንዶች ሽርጥ ልበሱ፤ ጂንስ ጉልበት ያስራል። ስልካችሁ ላይ 5 ደቂቃ ሙሉና እጃችሁ ከማይደርስበት አስቀምጡት።

ከዚያ ትንፋሽ

ይህ ልምምድ አናፓናሳቲ ይባላል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚመላለሰውን ትንፋሽ ማስተዋል ነው።

ዓይናችሁን ክደኑ ወይም ዝቅ አድርጉ። አፍ ይዘጋ። ትንፋሹ ጎልቶ የሚሰማችሁ አፍንጫችሁ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ሆዳችሁ ላይ? አንዱን ምረጡና እዚያው ቆዩ። ትንፋሹን አታስረዝሙት፣ አታሳምሩት። ረጅም ከሆነ ረጅም መሆኑን እወቁ፤ አጭር ከሆነም አጭር መሆኑን። ስታወጡ በልባችሁ «አንድ» በሉ። እንደገና ስታወጡ «ሁለት»። አስር ስትደርሱ ወደ አንድ ተመለሱ። መቁጠሩ ከቡድሃ በኋላ የመጡ መምህራን የጨመሩት ምርኩዝ ነው፤ ስትለምዱት ትጥሉታላችሁ። 17 ላይ ራሳችሁን ካገኛችሁት ሳቅ በሉና ከአንድ ጀምሩ።

አእምሮ ይሄዳል። ዕቁቡ የማን ተራ እንደሆነ ሊያጣራ ይሄዳል። ሐረር ያለችውን እህቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። ይህ ጥፋት አይደለም። ዋናው ሥራ «ኧረ ሄጃለሁ!» የምትሉባት ቅጽበት ናት። ሳቲ የሚሏት እሷን ነው፤ የቃሉ ሥር ማስታወስ ነው። አስታወሳችሁ፣ ተመለሳችሁ። በ5 ደቂቃ ውስጥ 30 ጊዜ ብትመለሱ ጥሩ ሠርታችኋል።

አዛን ይሰማል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ዶሮ ይጮኻል። «ጸጥታ አጣሁ» አትበሉ። «ድምፅ» በሉና ወደ ትንፋሹ ተመለሱ።

የመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 10። ወር ሲሞላ 20 ከገባችሁ በቂ ነው። አንድ ሰዓት ካልተቀመጥኩ ብሎ ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ያቆመ ሰው አውቃለሁ። መከዳው አሁንም እኔ ቤት ነው።

የላብ ጠብታዋን ተከተሉ

ይህን ከግንቦት በፊት አትሞክሩት ብል ይሻላል፤ ላብ በደንብ መምጣት አለበት። ለእኔ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ቀን ላይ መብራት ሲጠፋ ተቀመጡ። ጀርባችሁ ባዶ ይሁን። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ጠብታ ማጅራታችሁ ላይ ትጠራቀማለች። መጀመሪያ አትንቀሳቀስም፤ ትከብዳለች ብቻ። ከዚያ ትለቅና በአከርካሪው መስመር መውረድ ትጀምራለች። ትቆማለች። ሌላ ጠብታ ታገኝና ትፈጥናለች። ወገብ ጋ ስትደርስ የሽርጡ ጨርቅ ይጠጣታል።

በዚህ መሃል እጃችሁ ሊነሣ ይላል። አታንሡት። ሁለት ነገሮችን ለዩ። አንዱ ጠብታዋ ራሷ ናት፤ ቀላል የማሳከክ ስሜት። ሌላው «አሁኑኑ ልጥረጋት!» የሚለው ግፊት ነው። ግፊቱ ከማሳከኩ ይብሳል። ትከሻን ይወጥራል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ታንሃ ማለት እሱ ነው። ጠብታዋ ስታልቅ ግፊቱም ያልቃል፤ ሳትታዘዙት። ቡድሂስቶች አኒቻ የሚሉትን፣ የሁሉን ነገር አላፊነት፣ እኔ ያየሁት ከማጅራት እስከ ወገብ ባለች መንገድ ላይ ነው።

ሦስት ጠብታ ከተከተላችሁ ጥረጉ፣ ውሃ ጠጡ። ቡድሃ ራስን ማሠቃየትን ለዓመታት ሞክሮ የተወው ሰው ነው። ጀግንነት አያስፈልግም።

ደንገጎ ሲጠቁር እወቁ

ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ግን ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ደንገጎ በኩል፣ ተራራው ላይ ነውና። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ደንገጎ በኩል ሲጠቁር ቀና ብሎ ሳያይ አያልፍም።

ንዴትም የሚዘንበው ሌላ ቦታ ነው። ምላሳችን ላይ ሲደርስ ጎርፍ ሆኗል፤ ማንም አይመልሰው። ስለዚህ የራሳችሁን ደንገጎ ፈልጉ። ከሰውነታችሁ ቀድሞ የሚጠቁረው የቱ ነው? የእኔ መንጋጋዬ ነው። ጥርሴን ነክሼ አገኘዋለሁ። የአንዳንዱ ጆሮው ይግላል፣ የአንዳንዱ ሆዱ ይቋጠራል። ለአንድ ሳምንት ስትናደዱ ይህን ብቻ መዝግቡ። ንዴቱን ለማቆም አትሞክሩ።

ከሳምንት በኋላ ምልክቱ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ። በልባችሁ «ጠቆረ» በሉ። የእግራችሁን መዳፍ መሬቱ ላይ ስሙት። ሦስት ትንፋሽ አውጡ። ከዚያ ተናገሩ።

በቅርቡ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ነበር። ስንደርስ ልጁ ከተስማማነው በላይ ጠየቀኝ።

«ተነጋግረን አልነበር?»

«አቦ ብራዘር፣ ነዳጅ ስንት ሰዓት ተሰልፌ መሰለህ የቀዳሁት?»

መንጋጋዬ ጠቆረ። እግሬን ስሰማው ጫማዬ ውስጥ አሸዋ አለ። ሦስት ትንፋሽ። በሦስተኛው ላይ የልጁን ፊት አየሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንቅልፍ አጥቷል። «የተስማማነውን እከፍልሃለሁ፤ ለሰልፉ ደግሞ ሻይ ጠጣበት» ብዬ ትንሽ ጨመርኩለት። አልጨምርም ብልም ያው ነበር። ሰላም ማለት ሁሉ እንዲበላችሁ መፍቀድ አይደለም። አልከፍልም ማለት ይቻላል፤ መንጋጋ ሳይነከስ።

ስለ በርጫ

ቡድሃ ለተራው ሰው አምስት ሥርዓቶች አስቀምጧል። አለመግደል፣ ያልተሰጠንን አለመውሰድ፣ በፍትወት አለመባለግ፣ አለመዋሸት። አራቱን ከየቤታችን ሰምተን ነው ያደግነው። አምስተኛው ከሚያሰክር ነገር መራቅ ነው። በጥንቱ ጽሑፍ የተጠቀሰው መጠጥ ነው፤ ጫት የለበትም። ምክንያቱ ግን ተጽፏል፦ ጥንቃቄን ስለሚያጠፋ። ድሬ ተቀምጦ ስለ ጸጥታ የሚጽፍ ሰው ጫትን ዘሎ ቢያልፍ ውሸታም ነው፤ አራተኛውንም አፈረሰ ማለት ነው።

እኔ ለዓመታት ቅሜያለሁ። አንድ ቀን ምርቃናው ሲገባ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት አልተንቀሳቀስኩም። ዓለም ሁሉ ወንድሜ ሆነ። «ደረስኩ!» አልኩ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ጀሪካኑን ለምን ሳልሞላ እንደወጣሁ ጠየቀችኝ። የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም። ምርቃና የሚሰጠው ጸጥታ ብድር ነው፤ ማታ በድብርት፣ ስታቋርጡት ደግሞ ሌሊት በዱካክ ከነወለዱ ይቀበላችኋል።

አቁሙ ብዬ አልሰብክም። ይህን ብቻ ሞክሩ። መቀመጡ ሁልጊዜ ከጫት በፊት ይሁን፤ በምርቃና ላይ አትቀመጡ። ከምሳ በኋላ ሀራራው ሲመጣ ደግሞ 10 ደቂቃ ሰዓት ሙሉ። አትዋጉት፣ አትታዘዙት። የት ነው ያለው? አፍ ውስጥ ነው? ማዛጋት ነው? የጓደኞቻችሁ ሳቅ ነው የናፈቃችሁ ወይስ ቅጠሉ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እኔን ብዙ አሳይቶኛል፤ ለካ ግማሹ የሰው ናፍቆት ነበር። ሰዓቱ ሲጮኽ መሄድም መቅረትም የእናንተ ነው። ቢያንስ ማን እየጎተታችሁ እንደሆነ አይታችሁ ነው የምትሄዱት።

ማታ፣ ምርቃት

ሜታ ሲባል የእኛ ሰው ወይ ቢራው ወይ ጨለንቆ ያለችበት ወረዳ ነው ትዝ የሚለው። በፓሊ ሜታ ማለት በጎ ፈቃድ፣ ወዳጅነት ነው። አሠራሩ ከምርቃት ብዙ አይርቅም። ማታ ግቢ ውስጥ ጋደም ስትሉ ሥሩት።

ከራሳችሁ ጀምሩ። «ሰላም ልሁን። ክፉ አይንካኝ። ልቤ ይረፍ።» ይህ ያሳፍራል፤ እኛ ሌላውን መመረቅ እንጂ ራሳችንን መመረቅ አልለመድንም። ካሳፈራችሁ እናታችሁ ቡና ላይ የምትመርቃችሁን አስታውሱና በእሷ ድምፅ ስሙት። ቀጥሎ ለምትወዱት ሰው፦ «ሰላም ሁን፣ ክፉ አይንካህ፣ ልብህ ይረፍ»። ከዚያ ስሙን እንኳ ለማታውቁት ሰው፤ ለምሳሌ ለሰፈሩ ባለሱቅ። በመጨረሻ ለሚያስቸግራችሁ ሰው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከቤት አከራያችሁ አትጀምሩ። ሙዚቃ ጮክ አድርጎ ከሚከፍተው ጎረቤት ጀምሩ፤ አከራዩ በሦስተኛው ወር ይድረስ። ቃሉ ከአፍ ባያልፍም ግድ የለም፣ ቀጥሉ።

የሚያስቸግሩ ነገሮች

እንቅልፍ ከመጣ ዓይን ግለጡ፣ ተነሥታችሁ ቁሙ።

ዓይን ስትጨፍኑ የሚያስፈራ ትዝታ የሚመጣባችሁ ከሆነ አትቀመጡ፤ ተራመዱ። የመራመድ ልምምድም የቆየ የቡድሂስቶች ልማድ ነው። ለዚህ ከዚራን የሚያህል የለም። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ በፕላን የተሠራ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ የዛፍ ጥላ አለው። መጋላ ውስጥ ግን አትሞክሩት፤ ጋሪና ባጃጅ አያስተርፋችሁም። አንድ ሠላሳ እርምጃ ያህል ምረጡና ተመላለሱ። ተረከዝ ሲያርፍ፣ ጣት ሲለቅ ስሙ። ሰው «ምን ጠፋህ?» ካላችሁ «ምግብ እያንሸራሸርኩ ነው» በሉ። ውሸትም አይደለም።

ለሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምንም ነገር ደስ የማይል ከሆነ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን መቀመጡን ለጊዜው ተዉትና የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይህ ልምምድ የሕክምና ምትክ አይደለም።

ሌላው ችግር መዝለል ነው። ለቅሶ ይመጣል፣ ሰርግ ይመጣል፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይኬዳል። ሶና የሚባል መነኩሴ እግሩ እስኪደማ እየተመላለሰ ይለማመድ ነበር። ከመመንኮሱ በፊት ክራር የሚመስል መሣሪያ ይጫወት ስለነበር ቡድሃ ስለ ክሩ ጠየቀው። ከልክ በላይ ሲወጠር ድምፁ ያምራል? አያምርም። ሲላላስ? እሱም አያምርም። ስለዚህ ሦስት ቀን ከዘለላችሁ ለካሳ ብላችሁ አንድ ሰዓት አትቀመጡ። በነጋታው 11 ሰዓት ተኩል፣ 5 ደቂቃ፣ ከአንድ ጀምሩ።

አንድ ቀረ። መብራት ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ሲመጣም ልምምድ አለ። ቬንትሌተሩ ግርርር ብሎ ይነሣል፣ የመጀመሪያው ነፋስ ላብ ያለበት አንገት ላይ ያርፋል። ያንን አንድ ትንፋሽ ያህል በደንብ ስሙት። ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ደስታው መቀነስ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ላይ ነፋሱን ረስታችሁታል። እኔ ግን ልጆቹ «መጣ!» ብለው ሲጮኹ መጀመሪያ አብሬያቸው እጮኻለሁ።